ሰባት ደቂቃ

ፊልሙ ታሪክ የለውም፤ ይኸን አስቀድሜ ልንገራችሁ።
ሰው አይሞትም፣ ሰው አያገባም፣ ሌባ አይያዝም።
ሰባት ደቂቃ ነው፣
ልክ እሱ እኔ ላይ የሚቆየውን ያህል።

መጀመሪያ ሀረጎ።
ስልኬን ሚኒባሱ መስኮት ላይ በላስቲክ አሰርኩት፤
ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ
መንገዱ ሲጠመዘዝ ሆዴም አብሮ፣
ገደሉ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ብቅ እያለ፣
ረዳቱ "ሂሳብ!" እያለ፣
ሴትዮዋ ዶሮዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣
ሁሉም ሰላም።
እኔ ብቻ እየሞትኩ።

እንዴት ይቀረጻል ይኼ?
ከውጭ ለሚያየኝ የተቀመጠ ሰው ነኝ፤
ላቤ እንኳ በስልክ ካሜራ በቅጡ አይታይም።

ስለዚህ ፊቴን ተውኩት።
ጦይባን ለመንኳት፤ ሰኞ ገበያ ጫማ የምትሸጠውን።
ትወና አታውቅም፤ ለዚህ ነው የመረጥኳት።
"ምን ልሁን?" አለች።
"ምንም አትሁኚ። ደረጃ ውጪ።"
አርባ ሁለት ደረጃ፣
ቶሳ ጉም ለብሶ ከኋላዋ፤
የመጨረሻውን ልትረግጥ ስትል
በቅንብር ከአንደኛው አስጀመርኳት፣
እንደገና፣
እንደገና፣
ደረጃው እሷን የሚወጣት እስኪመስል።

ለልብ ምት ባዶ ጀሪካን ደበደብን፤
አልመሰለም።
የበርበሬ ሙቀጫ፤
እሱም አልመሰለም።
በመጨረሻ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ስር
እኩለ ሌሊት ተደግፌ ቀዳሁ፤
መሸመኛው ሲንገጫገጭ፣
ሺህ ልብ ባንድ ጣራ፣ ሁሉም የቸኮለ።
እሱ ነው።

ሰው መቼም ምክር አያጣም፦
"ጂን ነው፣ ቁርአን ይቀራበት።"
"ጠበልም ይሞከር።"
"ጨጓራ ነው፤ ተልባ ጠጣ።"
ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ "ልብህ የበሬ ነው" አለኝ፤
በሬስ ቢላ ሲያይ ምን ይሆናል?
ሁሉም ሲጨርስ "አብሽር" ይላል።
ደግ ቃል ናት አብሽር፣ የወሎ ፍራሽ፣
ሰው ሲወድቅ ያነጥፏታል፤
እኔ ግን የምወድቀው ወደ ላይ ነበር።

አራጋው፣ ቅንብር የሚሠራልኝ፣
"ይህቺን ቁረጣት" አለ፣ "ረዘመች፣ ሰው ይጨነቃል።"
"ይጨነቃ!"
"ቁረጥ ስልህ።"
"እስካሁን የቆረጥኩት ተስፋ ብቻ ነው" አልኩት፣ ሳቅን፤
ሳቃችን መሃል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣
እሱም ሳይነግረኝ ቀረጸው።
ፊልሙ ውስጥ ያልተተወነ ነገር ቢኖር
እነዚያ አምስት ጣቶች ናቸው።

ያሳየነው ቅዳሜ ማታ፣ ሆጤ፣ ጎማ ቤት ውስጥ፣
ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን።
ሃያ ሦስት ሰው። አባቴም ከኋላ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ።
አራተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።
ጦይባ ደረጃው መሃል ቀረች።
ላፕቶፑ ግን ባትሪ ነበረውና
ድምፁ ቀጠለ፣ ቀጭን፣ እንደ ተርብ፣
ትንፋሽና መሸመኛ፣ ትንፋሽና መሸመኛ፣
ማንም ስልኩን አላበራም።

ያኔ ከጨለማው የአባቴ ድምፅ፦
"ሦስተኛው ረድፍ ነው። ቀበቶው ላልቷል።"
ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቆሟል።
ዝም አለ። ኋላም ዝቅ አድርጎ፣
ለእኔ ይሁን ለማሽኑ እንጃ፦
"በሌሊት ፈረቃ እየወጣሁ አጥሩን ይዤ እቆም ነበር፣
እስኪያልፍ።
ያኔ ስም አልነበረውም።"

አጥሩን።
እኔ ተደግፌ የቀዳሁበትን።

መብራቱ ሲመጣ ፊልሙ አልቋል።
አንሶላው ነጭ፣ ጥጉ ላይ የተጣፈ።
ሰው አጨበጨበ፣ ምኑን እንዳየ ሳያውቅ።
አባቴ አላጨበጨበም፤
መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ትከሻው ትከሻዬን እስኪነካ።
አብሽርም አላለኝ።
"በእኛ ጊዜ" አለ፣ "ይጠብቅ ነበር።"
ቀበቶው ይሁን ሌላው፣
ቃሉን አጥብቆ ይበለው አላልቶ፣
በጭብጨባው አልሰማሁም።